ያሳዩኝ ሌላ፣ የሸጡልኝ ሌላ፦ የወጥ ቤት ቧንቧ ለምትገዙ ሁሉ

ይህን የምጽፈው የወጥ ቤቴ ወለል ገና ሳይደርቅ ነው። ትናንት ጠዋት መርካቶ ገዝቼ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጄ የገጠምኩት የላቫንዲኖ ቧንቧ፣ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ደርሶ ግፊቱ ሲመጣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከግድግዳው ሥር ተቆርጦ ወደቀ። ቆጣሪው ያለው ታች በመሆኑ ሦስት ፎቅ በጨለማ ወርጄ እስክዘጋው ድረስ ውሃው ከወጥ ቤት አልፎ ሳሎን ገብቷል፤ ከእኔ በታች የሚኖሩትን እማማንም ጣሪያቸው እያንጠባጠበባቸው ነጠላቸውን ብቻ ደርበው ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ጎሚኒ፣ ማለትም ቧንቧው ውስጥ ውሃውን ከምትዘጋው ትንሽ ላስቲክ ነው። የድሮው ቧንቧ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲያንጠባጥብ ቆይቶ ነበር። ቧንቧ ፈትቼ የማላውቅ ብሆንም ቆጣሪውን ዘግቼ፣ ከጎረቤት እንግሊዝ ቁልፍ ተውሼ እጀታውን ፈታሁና የውስጡን ዘንግ አወጣሁት። ጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር ጎሚኒ መሃሏ ክብ ሆኖ ጎድጉዷል፣ ጠርዟም ተበልቷል። ውሃው የሚያመልጠው በእሷ በኩል መሆኑ ለእኔ ለጀማሪዋ እንኳ ግልጽ ስለነበር፣ ዘንጉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጎሚኒ ልገዛ ሄድኩ።

መርካቶ የሳኒተሪ ዕቃ ገዝታችሁ የምታውቁ ሁሉ ባለሱቁን አላጣችሁትም። ገና ከበሩ ሳትደርሱ «ግቢ እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?» ይላል፤ የያዛችሁትን ዕቃ ተቀብሎ አንዴ ያገላብጥና ራሱን ይነቀንቃል። «ይሄ ጎሚኒ ለብቻው አይሸጥም። ቧንቧውም ቢሆን አልቆለታል፤ ብትጠግኚው በወሩ ትመለሻለሽ» አለኝ። አመንኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የተታለልኩት እዚህ ላይ ነውና። ከመደርደሪያው ማሳያ ቧንቧ አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ክብደቱን እዪው፤ የጣሊያን ነው» አለኝ፤ በእርግጥም ከባድ ነበር። ቀጥሎ ከኪሱ የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን ጥርስ ጫፉ ላይ ፋቀው። ከሚያብረቀርቀው ልባጥ ሥር የጥፍር ስፋት ያህል ቢጫ ነሐስ ወጣ። «ይኸውልሽ፣ ንጹሕ ነሐስ ነው፤ ልጆችሽ ይወርሱታል» አለ። ዋጋውን ስጠይቀው በደረሰኝ 2,300፣ ያለ ደረሰኝ 2,000 ብር መሆኑን ነገረኝ። እኔም 300 ብር ለማትረፍ ስል ያለ ደረሰኝ ይሁን አልኩ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ በማንም ላይ አላላክከውም። ገንዘቡን በቴሌብር እንድልክለት የሰጠኝ ቁጥርም በሱቁ ስም ሳይሆን በግለሰብ ስም የተመዘገበ ነበር፤ ስሙን ስልኬ ላይ እያነበብኩ ላክሁለት።

ማሳያውን ላነሣ ስል «እሱን ተዪው፣ ሰው ሲነካካው የዋለ ነው፤ የታሸገውን ላስመጣልሽ» አለና ልጁን ወደ መጋዘን ላከው። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ዙሪያውን በፕላስተር የተጠቀለለ ካርቶን ይዞ መጣ። በላዩ ላይ የታተመው ሥዕል ያው የያዝኩት ቧንቧ ነው። ፕላስተሩን ልልጥ ጥፍሬን ስሰድ ባለሱቁ እጁን ካርቶኑ ላይ ጫነና «እሽጉ ከተነሣ ዋስትናው ይቀራል፤ ቤትሽ ክፈቺው» አለኝ። እጄን መለስኩ። ከሌሊት ጀምሮ ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት አላውቅም። ካርቶኑን ሳነሣው እንደቀለለኝ አስተውዬ ነበር፤ ማሳያው ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁለቱን ለማመዛዘን እጅ መዘርጋት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሰውየውን የተጠራጠርኩት እንዳይመስለው አፍሬ ዝም አልኩ።

ቤት ገብቼ ጥርሱን በቴፍሎን ጠቀለልኩ፣ በእጄ እስከሚሄደው ድረስ አዞርኩት፣ ከዚያም አፉ ወደ ታች እንዲዞር በቁልፍ ግማሽ ዙር ጨመርኩበት። ያን ጊዜ «ቀጭ» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ቦታውን የያዘ መስሎኝ ነበር። ለካ ተሰንጥቆ ኖሯል።

ሲነጋ ስባሪውን መስኮት ላይ አድርጌ አየሁት። የተቆረጠበት ፊቱ እንደ አመድ ግራጫ ነው፤ ሻካራና ቅንጣት ቅንጣት የሆነ፣ ቢጫ የሚባል ነገር የሌለበት። ግድግዳው ውስጥ የቀረውን ጥርስ ለማውጣት 800 ብር የተቀበለኝ የቧንቧ ሠራተኛ ገና በሩቅ አይቶ የዚንክ ቅይጥ መሆኑን ነገረኝ። ነሐስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.5 ግራም ያህል ሲመዝን የዚንክ ቅይጥ 6.7 ግራም አካባቢ ነው፤ ካርቶኑ የቀለለኝ በከንቱ አልነበረም። ዚንኩ ቀጭን ጥርስ ሲወጣለት ተሰባሪ ይሆናል፣ ውሃም ቶሎ ይበላዋል፤ ከላይ የተለበጠው ግን ያው ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ማግኔትም አይረዳም፣ ሁለቱንም አይስብምና።

ስባሪውን ይዤ ሱቁ የደረስኩት 3 ሰዓት ላይ ነው። ትናንት «እህቴ» ሲለኝ የነበረው ሰው ቀና ብሎም አላየኝም። «ከእኛ ለመግዛትሽ ማስረጃሽ የታለ?» አለ። የቴሌብሩን መልእክት ሳሳየው «ይሄ የሱቁ ስም ነው እንዴ?» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። መጋዘን የተላከው ልጅ ከጀርባው ቆሞ «ሴት ቧንቧ ስትገጥም እንዲህ ነው፤ ባለሙያ ጥሪ» እያለ ይስቅ ነበር፤ ያን ካርቶን በእጁ ያቀበለኝ እሱ ነው። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ተለጥፏል። ከሁሉም ይልቅ ያቃጠለኝ ግን አጠገቤ የቆሙ አንድ አባት የያዙት ቧንቧ ነው። ጥርሱ ጫፍ ላይ ትናንት ለእኔ የተፋቀችው ቢጫ ምልክት አለች። «አባቴ፣ የሚሰጡዎት ይህን አይደለም፤ ካርቶኑን እዚሁ ያስከፍቱ» አልኳቸው። ባለሱቁ ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ገፋኝ፤ አባት ግን ቧንቧውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከኋላዬ ወጡ።

እንግዲህ ስትገዙ ካርቶኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱ፤ የሚፋቀውም ማሳያው ሳይሆን ወደ ቤት የምትወስዱት ይሁን። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ቢሰጠውም፣ እኔ ከዚያ ሱቅ መግዛቴን የሚያሳይ ወረቀት በእጄ የለኝም።

ለብቻዋ አትሸጥም የተባለችውን ጎሚኒ ከሰፈራችን የቧንቧ ዕቃ መሸጫ በ20 ብር ገዛኋት። የድሮው ቧንቧ ተመልሶ ተገጥሟል፤ ከቀትር ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወጣውም። ስባሪውንና ካርቶኑን በፌስታል አስሬ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ነገ ጠዋት ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዤው እሄዳለሁ። የታችኛዋ እማማም የተበላሸውን ጣሪያቸውን በስልክ ፎቶ አስነሥተው ምስክር ሊሆኑኝ አብረውኝ ይሄዳሉ።