የቡልጋሪ አረንጓዴ ሻይ ሽቶ፦ ለኮዬ ፈጬ አየር ይሆናል?

ጃፓኖች ለሻይ ሥርዓታቸው ሲጠሩ ሽቶ ተቀብቶ መሄድ ነውር ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሻዩ የራሱ መዓዛ አለው፣ በዚያ ላይ ከሰሉ ውስጥ ዕጣን ይጨመራል፤ በቀዝቃዛው ወቅት ተቦክቶ የተድበለበለ፣ በሙቀቱ ወቅት ደግሞ የሰንደል እንጨት ስንጣሪ። ስሙ ከዚህ ሥርዓት ጋር ለሚነሳ ሽቶ እንግዲህ ጎልቶ መሽተት አያምርበትም። የቡልጋሪው አረንጓዴ ሻይ ሽቶ፣ በፈረንሳይኛ ስሙ ኦ ፓርፉሜ ኦ ቴ ቬር፣ ጎልቶ አይሸትም። ብዙዎች ይህን እንደ ድክመት ያዩበታል፤ አቀባቡን ላወቀ ግን ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ ኮሎኝ ነው፤ ቀማሚው ዣን ክሎድ ኤሌና። ማቻ (የጃፓኖቹ የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት) ይሸታል ብሎ የሚገዛው ሰው ያዝናል። በሙቅ ውሃ በቀርከሃ መምቻ የተመታ ማቻ ወደ ተቀቀለ ጎመንና ወደ ባሕር ሣር የሚያደላ ሽታ አለው። እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። መጀመሪያ ቤርጋሞት (የሎሚ ወገን የሆነ ፍሬ) እና የብርቱካን አበባ፣ ቀጥሎ ሄል፣ ድምብላልና ቁንዶ በርበሬ፣ በመጨረሻ ቀለል ያለ የሻይ ቅጠል ሽታ። ቅመሞቹ ለእኛ አፍንጫ እንግዳ ስላልሆኑ፣ ፈረንጆቹ "ሩቅ ምሥራቅ" የሚሉት ነገር እዚህ የቤት ሽታ ይመስላል።

የሻዩ ሽታ በዋናነት የሚመጣው ሄዲዮን እና አዮኖን ከተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ነው። አዮኖን አንድ ጠባይ አለው፤ አፍንጫን ቶሎ ያደክማል። ሽታው ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። በተፈጥሯቸው አንዱን የአዮኖን ዓይነት ጨርሶ የማይሸቱ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ "በአንድ ሰዓት አለቀ" ብሎ ከመደጋገም በፊት አጠገብ ያለን ሰው መጠየቅ ይሻላል። ታክሲ ውስጥ ደጋግሞ የሚረጭ ሰው ብዙ ጊዜ ያለቀበት ሽቶው ሳይሆን አፍንጫው ነው።

ይህ ሲባል ግን ዕድሜው በእርግጥም አጭር ነው። ቆዳ ላይ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፣ ልብስ ላይ ከዚያ ይበልጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ አየር፣ የሎሚው ወገን ቶሎ ይተናል። ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሀል ከተማ ሲደረስ ቤርጋሞቱ የለም፤ የቀረው ቅመሙና ሻዩ ነው። ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም። መፍትሔው ከገላ መታጠብ በኋላ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጎ አንገትና የክንድ እጥፋት ላይ መቀባት፣ ከዚያ መርጨት ነው። ኮኮናት ወይም ካካዎ የሚሸት ሎሽን ከተቀቡ ግን ሽቶውን እርሱት፤ ሎሽኑ ይውጠዋል። ቡና ተፈልቶ ዕጣን በጨሰበት ቤትም እንደዚሁ፤ ወደ ጭሱ ከመግባት በፊት ሳይሆን ከጭሱ ከወጡ በኋላ መቀባት ነው።

መጠኑ ስድስት ርጭት ይበቃል፦ ሁለት አንገት ላይ፣ ሁለት ክንድ እጥፋት ላይ፣ ሁለት ከሸሚዝ ውስጠኛ በኩል። ሌላ ሽቶ ስድስት ጊዜ ቢረጩ ሚኒባሱ መስኮት ያስከፍታል፤ ይህ ማንንም አያስነጥስም። አንድ ርጭት 0.1 ሚሊ ግድም ስለሚወስድ 75 ሚሊው በዚህ አጠቃቀም አራት ወር ያህል ይሄዳል። ነጠላ ወይም ነጭ የአገር ልብስ ላይ ከቅርብ አይረጭ። ፈሳሹ ቀለም ስላለው ጥለቱ አጠገብ ነጥብ ሊተው ይችላል። ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በገበር በኩል ከሆነ ችግር የለውም።

ዋጋው ከከበደ የኤሊዛቤት አርደን ግሪን ቲ አለ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የፍራንሲስ ኩርክጂያን ሥራ። ሎሚው የበረታ፣ ናናና እንስላል ያለበት፣ ለቀትር ፀሐይ ጥሩ ነው። ቆዳ ላይ ሲቆይ ግን ወደ ሳሙና ሽታ ይሄዳል፣ የቡልጋሪው ልስላሴ የለውም። ለሠርግ ማታ ሁለቱም አይሆኑም።

ፎርጅዱን ለመለየት ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ጠርሙሱ ሥር ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ሲረጭ ገና ከመጀመሪያው ከረሜላ ከሸተተ ተዉት። ሻጩ "ጠዋት ተቀብተህ እስከ ማታ ነው" ካለም ተጠራጠሩ፤ ኦርጅናሉ ይህን አይችልም። ከተገዛ በኋላ ደግሞ ፀሐይ የሚገባበት የኮንዶሚኒየም መስኮት ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ሙቀትና ብርሃን ሎሚውን ያበላሹታል፣ ሲረጭ መጀመሪያ ላይ የቫርኒሽ ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ያመጣል፣ አረንጓዴው ፈሳሽም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቁም ሣጥን ይግባ።