ባለ ክንዱ መብራት፣ ከ8 ወር በኋላ

ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ ክንዱ እንደ ልብ የሚታጠፍ የኤልኢዲ መብራት ከገዛሁ 8 ወር ሆነኝ። ከእህቴ ጋር የብር መስቀልና ጀበና በቴሌግራም እንሸጣለን፤ ፎቶ ማንሳቱ የእኔ ድርሻ ነው።

ከዚህ በፊት ሪንግ ላይት ነበረኝ። ለሰው ፊት አሪፍ ነው፣ ለዕቃ ግን አልሆነኝም። ብርሃኑ ከካሜራው ዙሪያ ስለሚመጣ ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል። ጥላው ሲጠፋ የጀበናው ሆድ ክብነቱም አብሮ ይጠፋል። ከጥቁር ካርቶን የተቆረጠ ይመስላል።

አዲሱን መብራት በግራ በኩል ከጀበናው ከፍ አድርጌ ያበራሁበትን ቀን አልረሳውም። ብርሃኑ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሆዱ ላይ ቀስ በቀስ ደበዘዘ፣ በስተቀኝ ጨለመ። ለዓይን ክብነትን የሚነግረው ያ ቀስ ብሎ መደብዘዙ ነው። ጀበናው ያው ጀበና፣ ካሜራውም ያው ስልኬ ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ ግን ስህተት ሠራሁ። ክንዱን ዝቅ አድርጌ አንድ መስቀል ከታች በኩል አበራሁበት። ነጸብራቁ ስላማረኝ ፎቶውን ለቀቅኩት። መስቀሉ የደረሳት ደንበኛ ደወለችና፣ «ሐረጉ ወጣ ወጣ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ይሄ እኮ የተፈለፈለ ነው» አለችኝ። ፎቶውን መልሼ አየሁት፤ እውነቷን ነው። ስልኬን ዘቅዝቄ ሳየው ደግሞ ያው ሐረግ ወደ ውስጥ ገባ! ገንዘቧን መለስኩላት፣ ከዚያ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ።

ለካ አእምሯችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚነሳው። ፀሐይ ከላይ ናትና። ላዩ ፈካ፣ ታቹ ጠቆር ያለ ነገር ሲያይ ጉብታ ነው ይላል። ተቃራኒውን ሲያይ ጉድጓድ ነው ይላል። የእኔ መስቀል ላይ ብርሃኑ የመጣው ከታች ስለሆነ የፈካው የእያንዳንዱ ቦይ የላይኛው ግድግዳ ነበር፤ ዓይን ደግሞ ያንን እንደ ጉብታ አነበበው። የጨረቃ ጉድጓዶች ፎቶም ሲዘቀዘቅ ኮረብታ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዴቪድ ሪተንሃውስ ነገሩን ከብርሃን አቅጣጫ ጋር አያይዞ ያስረዳው በ1786 እ.ኤ.አ. ነው። የአእምሮ ተመራማሪው ቪ. ኤስ. ራማቻንድራን ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በተራ ክቦች አሳይቶታል፤ ከላይ የፈኩት እንቁላል ይመስላሉ፣ ከታች የፈኩት ጎድጓዳ።

ከዚያ ወዲህ ክንዱ ሁልጊዜ ከላይ በስተግራ ነው። ለተፈለፈለ መስቀል መብራቱን ከብሩ ገጽ ጋር ሊተኛ እስኪደርስ አጋድመዋለሁ፤ እያንዳንዷ ጭረት የራሷን ጥላ ትጥላለች። ለጀበና አብዛኛውን ጊዜ ከፍ አደርገዋለሁ። ብር ስለሚያንጸባርቅ ከመብራቱ ፊት የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እወጥራለሁ፤ ያለሱ የመብራቱ ምስል መስቀሉ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይቀራል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። አምስተኛው ወር ላይ የክንዱ መገጣጠሚያ ላላ። በካችቢቴ አጠበቅኩት፣ አሁንም በየሁለት ሳምንቱ አጠብቀዋለሁ። ለዚህ ሥራ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ክንዱ ትንሽ ካዘነበለ ጥላው ይቀየራልና። ብርሃኑን በጣም ስቀንሰው ቪዲዮ ላይ መስመር ይታያል። ገመዱም አጭር ነው። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ መሥራቱ ግን ብዙ ቀን አድኖኛል።

ልትገዙ ካሰባችሁ ስለ ድምቀቱ ብዙ አትጨነቁ። እኔ ከግማሽ በላይ አድርጌው አላውቅም። ሱቅ ውስጥ ክንዱን ዘርጉት፣ እጠፉት፣ ልቀቁት። ባቆማችሁት ቦታ ካልቆመ ተዉት።

ባለፈው ሳምንት መብራቱን አጋድሜ ያነሳሁትን ጀበና ለሠሪዋ ለእትዬ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንገቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጎድጎድ በጥፍራቸው አሳዩኝ። «ይቺ የአውራ ጣቴ ናት» አሉ።