ለነርቭ ፊዚዮቴራፒስቶች፦ ምስጋናና ጥቆማ

አንጎሉ በመርዝ የተጎዳ ሰው ሕይወቱ ሲተርፍ ምስጋናው ለሐኪሙና ለመድኃኒቱ ይሄዳል፤ ይገባቸዋልም። ከዚያ በኋላ ወራት የሚፈጀውን ሥራ ተሸክመው የሚቆዩት የነርቭ ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ማለትም አንጎሉ የተጎዳውን ሰው በልምምድ ወደ እንቅስቃሴው የሚመልሱት ባለሙያዎች፣ ግን ብዙም ሲመሰገኑ አይሰማም። እናመሰግናችኋለን።

ሥራቸው ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ኤምፒቲፒ የተባለው መርዝ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሕገወጥ ዕፅ ጋር ተቀላቅሎ ወጣቶችን እንደ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይና ሰውነትን የሚያደርቅ የአንጎል በሽታ) ሕመምተኛ ያደረቀው ይኸው ነው። አንጎል ውስጥ ተለውጦ ወደ ዶፓሚን (እንቅስቃሴን ለመምራት የሚያገለግል የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል) አመንጪ ሴሎች ይገባና ሚቶኮንድሪያቸውን፣ ማለትም የኃይል ማመንጫቸውን፣ ያግዳል፤ ሴሎቹም ይሞታሉ። የተረፉት እጅ አይሰጡም። እያንዳንዱ ሴል ከቀድሞው አብልጦ ዶፓሚን ያመርታል፣ ይለቃል። ዶፓሚኑን መልሰው የሚመጥጡት የሴሎቹ ጫፎች ስላነሱ የተለቀቀው ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ወዲያ ማዶ ያለው፣ መልእክቱን የሚቀበለው ሴል ዲ2 የተባሉትን የዶፓሚን ተቀባዮቹን ያበዛል፤ የተረፉት ጫፎችም አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ምልክቱ በግልጽ የሚታየው የስትራያተም (እንቅስቃሴን የሚመራ የአንጎል ክፍል) ዶፓሚን ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህል ከጎደለ በኋላ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደህና የሚመስል ሰው መጠባበቂያውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያ ስትመርጡ መርዙ ምን እንደነበረ፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደነካው የሚጠይቀውን ያዙ። ጥያቄው ለወግ አይደለም። የአንጎል ቅርፊታቸው የተጎዳ አይጦች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደካማውን የፊት እግር ብቻ እንዲጠቀሙ ሲገደዱ ጉዳታቸው ሰፍቷል፤ ዶፓሚን ሴሎቻቸው የተመቱት ግን ወዲያው በመጀመራቸው ተጠቅመዋል። ልምምዱ አንድ፣ ውጤቱ ተቃራኒ!

ጥሩው ባለሙያ ድግግሞሹን ቆጥሮ ይጽፋል፤ አኳኋኑ ሲበላሽ ያስቆማል፣ የተበላሸው እንቅስቃሴም ሲደጋገም ይሰርጻልና። እጅን በአየር ላይ ከማወዛወዝ ይልቅ እውነተኛ ኩባያ ያስነሳል። ሕመምተኛው ሌቮዶፓ (አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ቀጠሮውን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ያደርገዋል፤ ያለፈቃድ መወራጨት ካየ ሰዓቱን መዝግቦ ለሐኪሙ ያሳውቃል እንጂ መጠኑን ራሱ አይነካም።

በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው ካገገመ በኋላ ከ2 እስከ 40 ቀናት ባለው ጊዜ እንደገና ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስለዚህ አረማመዱንና ትውስታውን በየቀጠሮው የሚፈትሽ፣ ለውጥ ሲያይ በዚያው ቀን ወደ ነርቭ ሐኪም የሚልክ ባለሙያ ፈልጉ። ስትሄዱ የመርዙን ስምና የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙለት።