ጌም ስቲክ ደሴ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ጌም ስቲኩን የገዛሁት ባለፈው መስከረም ነው። አሁን ክረምት እየገባ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳይነካ የቀረበት ሳምንት የለም። ስለዚህ የሚበረታበትንም የሚደክምበትንም በደንብ አውቄዋለሁ። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ በልጅነታችሁ ባለ ካሴቱን ጌም የተጫወታችሁ ከሆነ፣ ይህን አንብቡና ወስኑ።

ለማያውቀው ሰው፣ ዕቃው ፍላሽ የሚያክል ነገር ነው። ቲቪው ኤችዲኤምአይ ላይ ይሰካል። ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ አለው። ጌሞቹ ያሉት ጎኑ ላይ በምትገባ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነው። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም የለም። "4ኬ" እና "ከ10,000 በላይ ጌም" ይላል፣ በቃ። እኔ በቴሌግራም አዝዤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የተላከልኝ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፈውም።

10,000 የሚለው ቁጥር ማንንም አያጓጓ። ዝርዝሩን ስትከፍቱት አንዱ ጌም በአምስትና በስድስት ስም ተደጋግሞ ታገኙታላችሁ። የጃፓኑ አለ፣ የአሜሪካው አለ፣ ቀለሙ ብቻ የተቀየረው አለ። እኛ ቤት ዘወትር የሚከፈቱት ጥቂት ናቸው። ለእነዚያ ለጥቂቶቹ ስል ግን ነገም ቢሆን እገዛዋለሁ።

በ1990ዎቹ ደሴ ያደገ ልጅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ያኔ ጌሙ ያለበት ቤት በየሰፈሩ አንድ ቢገኝ ነው። ሸዋበርም ሁኑ ሆጤ፣ ዝናብ ሲጥል ልጁ ሁሉ እዚያ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። የሞተ ጆይስቲኩን ለተረኛው ያቀብላል። ካሴቱ እምቢ ካለ ይወጣና እፍ ይባላል። (ይሠራ የነበረው እፍታው ሳይሆን አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ነው። የትንፋሽ እርጥበት እንዲያውም የካሴቱን ብረት ይጎዳዋል።)

ያ ሳጥን ፋሚኮም የተባለው የጃፓኑ ኩባንያ የኒንቴንዶ የጌም ማሽን ቅጂ ነበር። ፋሚኮም ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የሥራ ሚሞሪው 2 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ጠቅላላ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነው። በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ሠሪዎቹ ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ደመናውንና ቁጥቋጦውን በአንድ ሥዕል ሠሯቸው። ልዩነታቸው ቀለማቸው ብቻ ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማሪዮን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ደመናውን ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ያን ሁሉ ዓለም ማኖር መቻላቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ቤታችን ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ኮንትራ የተባለው የተኩስ ጌም ነው። የወንድሜ ልጅ የስልክ ጌም ልጅ ነው። መጀመሪያ ሲያየው "ጋሼ፣ ሥዕሉ ለምን እንዲህ ሆነ?" አለኝ። ሦስት ነፍስ እንዳለው፣ አንዲት ጥይት ከነካችው አንዷ እንደምትሄድ ነገርኩት። አላመነኝም። ሦስቱንም ወዲያው ጨረሰ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ሞተ። እራት ቀርቦ እንኳ አልተነሳም።

ያቺን ምስጢር ያስተማርኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ሦስቱ ነፍስ ሠላሳ ይሆናል። ይህችን ኮድ የፈጠራት ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል፣ ኮንትራን የሠራው የጃፓን ኩባንያ የኮናሚ ባለሙያ ነው። ግራዲየስ የተባለውን ጌም ወደ ፋሚኮም ሲያመጣው ለራሱ ከበደው። ለመሞከሪያ እንድትሆነው ኮዷን አስገባት። ጌሙ በ1986 ለገበያ ሲወጣ እዚያው ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወደ ኮንትራም ተሻገረች። ሃሺሞቶ ያረፈው በ2020 ነው። እኛ ሰፈር ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ኮዷን ግን ሁሉም በቃሉ ይዟታል። ኢንተርኔት ሳይኖር ከአፍ ወደ አፍ ደሴ ድረስ መጥታለች።

ኮንትራ ለሁለት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ ስክሪኑ ወደ ላይ ይጓዛል። አንዱ ተቻኩሎ ከወጣ ታች የቀረው ይሞታል። ስለዚህ መጠባበቅ ግድ ነው። ከማያያቸው ሰዎች ጋር መጫወት የለመደው ልጅ አሁን "ቆይ ጋሼ፣ ሳትወጣ ጠብቀኝ" ይለኛል። ዕቃውን የምወድበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። ትከሻ ለትከሻ ያስቀምጣል።

ከወንድሜ ጋር የምንጫወተው ታንክ ነው። ትክክለኛ ስሙ ባትል ሲቲ ነው፤ እኛ ግን ታንክ ነው የምንለው። በየደረጃው ሃያ የጠላት ታንክ ይመጣል። ታች መሃል ላይ ያለውን ንስር ማስነካት የለም። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይወጣል። የገዛ ጓደኛህን ከመታኸው ለአፍታ ይደነዝዛል። ወንድሜ የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ወደ ደሴ ሲወጣ ሻይ ሳይቀርብ ጆይስቲክ ይይዛል። ማን ንስሩን ማስነካቱ ላይ የምንከራከረው ክርክር የድሮው ነው፣ ምንም አልተለወጠም።

እህቴ የቴትሪስ ሰው ናት። ያቺን በእጅ የምትያዝ ብሪክ ጌም የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ቴትሪስን አሌክሴ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ላይ የሠራው ሥዕል ማሳየት በማይችል ኮምፒውተር ነው። ጡቦቹን ያሳያቸው በቅንፍ ምልክት ነበር። የኒንቴንዶው ቅጂ በ1989 ወጣ። ከ30 ዓመት በላይ ማንም ሰው መጨረሻው ላይ ደርሶ አያውቅም ነበር። በ2023 መጨረሻ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ 157ኛው ደረጃ ላይ ጌሙን ስታክ አስደረገው። ለእህቴ ስነግራት "እኔም እደርሳለሁ" አለች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስቲኩ የእሷ ነው።

አሁን ወደ ድክመቱ። መጀመሪያ የሚሰማችሁ መዘግየት ነው። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ማሪዮ ቅንጣት ቆይቶ ይዘላል። ገደል ጫፍ ላይ ያቺ ቅንጣት ነፍስ ታስከፍላለች። ጥፋቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል። ጆይስቲኩ ገመድ አልባ ነው። ስቲኩ የድሮውን ማሽን በሶፍትዌር ነው የሚያስመስለው። ቲቪው ደግሞ ሥዕሉን ለማሳመር ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማስተካከል አይቻልም። ሦስተኛውን ግን ይቻላል። የቲቪያችሁን ሴቲንግ ክፈቱና ጌም ሞድ የሚለውን አብሩ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። እዚያው እያላችሁ የሥዕሉን ስፋት 4 በ3 አድርጉት፤ አለበለዚያ ማሪዮ ወደ ጎን ይለጠጣል። የ"4ኬ"ውን ነገር ተዉት። ፋሚኮም የሚያወጣው ሥዕል 256 በ240 ነጥብ ነው። ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር አይጨምርለትም።

በሽጉጥ የሚጫወቱትን የዳክዬ አደን ጌም ፈልጋችሁ የምትገዙ ከሆነ ይቅርባችሁ። ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ሽጉጡ ግን የለም። የድሮውን ሽጉጥ ብታገኙት እንኳ በዛሬ ቲቪ አይሠራም። ምላጩ ሲሳብ ጌሙ ስክሪኑን ለቅጽበት ያጠቁረዋል። ከዚያ ዳክዬዋ ባለችበት ነጭ ሳጥን ያበራል። ሽጉጡ ጥይት አይተኩስም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚያይ ዓይን ነው። ነጩን በትክክለኛዋ ቅጽበት ካየ ዳክዬዋ ትወድቃለች። ያ ጀርባው ወፍራም የነበረው ቲቪ ብርሃኑን ወዲያው ያወጣል። ጠፍጣፋው ግን ይዘገያል፤ ሽጉጡም ብርሃኑን ሳያገኝ ይቀራል። ልጅ ሆነን ሽጉጡን ስክሪኑ ላይ ለጥፈን ስንተኩስ እንኳ ይህን የሚያስረዳን አልነበረም። አሁን ሲገባኝ ይበልጥ ወደድኩት።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። ሴቭ እያደረጋችሁ መብራት ከሄደ ሚሞሪ ካርዷ ልትበላሽ ትችላለች። የእኔ ጥር ላይ ተበላሽታለች። ስቲኩ በራ፣ ጥቁር ስክሪን፣ አለቀ። ደግነቱ ቀደም ብዬ ሙሉውን ኮምፒውተር ላይ ኮፒ አድርጌ ነበር። ፒያሳ ከሚገኝ ሱቅ ሌላ ካርድ ገዝቼ ገለበጥኩበት። እናንተም ዕቃው እጃችሁ በገባ ቀን ኮፒ አድርጉ። አብራው የምትመጣው ካርድ ርካሽ ናት፤ አትመኗት። ካርዷን ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩ "ፎርማት ላድርግ?" ብሎ ከጠየቃችሁ እሺ እንዳትሉት።

ኃይሉንም ከቲቪው ዩኤስቢ አትውሰዱ። የዩኤስቢ 2.0 ደረጃ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው። እኛ ቤት ጌም መሃል ላይ ብልጭ እያለ ይጠፋ ነበር። በስልክ ቻርጀር ካደረግነው ወዲህ ቀርቷል።

ጆይስቲኮቹ የዕቃው ደካማ ጎን ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት የሪሞት ድንጋይ ይበላሉ። የሚሞላ ድንጋይ ካላችሁ ያዋጣችኋል። አንደኛው የግራ ቁልፉ ከጥቂት ወራት በኋላ መስማት እየከበደው መጣ። ከፍቼ ላስቲኩንና ከሥሩ ያለውን ጥቁር ነጥብ በአልኮል ጠረግኩት፤ ተመለሰ። ለኮንትራ እንዲህ ያለ ቁልፍ መከራ ነው፤ ስለዚህ ከወዲሁ ተጠባባቂ ጆይስቲክ ብታስቡ ጥሩ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ካርዷ ላይ ያሉት ጌሞች ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው። ኮናሚ የድሮ ኮንትራዎቹን ሰብስቦ በ2019 እንደገና አውጥቷል። ኒንቴንዶም የድሮዎቹን በክፍያ ያቀርባል። ከደሴ ሆኖ በውጭ ካርድ መክፈል ቀላል ስላልሆነ ነው ብዙዎቻችን ወደዚህ የምንሄደው። መንገዱ ያለው ሰው ግን ለሠሪዎቹ ቢከፍል ደስ ይለኛል። ይገባቸዋል።

ስቲኩ ላይ ባሉት የፕሌይስቴሽን ጌሞች ተስፋ አታድርጉ። የድብድቡ ጌም ቴከን 3 ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ይከፈታልም። ግን ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሥዕሉም ይንቀራፈፋል። ኤዲ የሚባለው ተደባዳቢ ሲሽከረከር ውሃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። ጌም ቤት ተሰልፎ በቴከን ያደገ ሰው ይህን አይታገሰውም። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ፈልጉ። የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ሲዲዎች ራሱ ያጫውታል፤ አዲስ ቲቪ ላይ ለመሰካት ግን ሦስቱ ባለ ቀለም ቀዳዳዎች መኖራቸውን አረጋግጡ።

ስቲኩን ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ከቲቪ ጋር ሰክቶ ያሳያችሁ። ሁለቱንም ጆይስቲክ በአንዴ ሞክሩ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው የሚጠፋ አይቻለሁ። ኮንትራን ለሁለት ክፈቱና ፏፏቴው ድረስ ሂዱ። እዚያ ሳይቆራረጥ ካደረሳችሁ ክፈሉና ይዛችሁ ግቡ።