ኮምፒውተሬን ዝም ላሰኙልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለተቸገረም ጥቆማ

ሥራውን አክብሮ የሚሠራ ሰው አግኝቶ ዝም ማለት ደግ አይደለም ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የማቀናብርባት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ጩኸቷ ሌላ ክፍል ድረስ ይሰማ ጀመር። ሥራ ሲበዛባት ፋኗ ያጓራል፣ ቀጥሎ ራሷ ትንቀራፈፋለች፣ አንዳንዴም ድርግም ብላ ትጠፋለች። ቀደም ሲል ያየልኝ አንድ ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ በቅጡ ሳይከፍት «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል» ብሎ አሰናብቶኝ ነበር። ልገዛ ተነስቼ ሳለሁ ነው ወዳጄ እኚህን ሰው የጠቆመችኝ።

ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ዱሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለወግ አይደለም፤ ጆሯቸው የተሳለው እዚያ ይመስለኛል።

እንደመጡ ካቻቪቴ አላወጡም። «እስቲ ልጄ፣ እንደ ወትሮሽ ሥሪባት» ብለው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። የሙቀት መጠን የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ቁጥሩን አብረን አየን። ምንም ሳልሠራ ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቪዲዮ ሬንደር ማድረግ፣ ማለትም ያቀናበርኩትን ወደ አንድ ፋይል ማውጣት፣ ስጀምር ብዙም ሳይቆይ 100 ገባ። ብዙ ፕሮሰሰሮች እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ በቂ ካልሆነም ማሽኑ ይጠፋል። እርጅና የተባለው ነገር ይኸው ነበር።

ከዚያ የጎን ክዳኑን አንስተው ማዳመጥ ያዙ። ለእኔ አንድ ጩኸት ነው፤ እሳቸው «ሦስት ነው» አሉ። የአንዱን ፋን እምብርት፣ ክንፎቹን ሳይሆን መሃሉን፣ በጣታቸው ለአፍታ ጫን አድርገው ያቆሙታል፤ ያዳምጣሉ፤ ይለቁታል። (እናንተ አትሞክሩት፣ ጣት ያለሥራው ሲገባ ያማል።) የኋላው ፋን ሲቆም ጭርጭርታው ጠፋ፤ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን ሲቆም የሚያጓራው ድምፅ ጸጥ አለ። ያም ሆኖ ከታች በኩል እምምም የሚል ነገር ቀረ። መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳርፈው «ይኼ ሃርድ ዲስኩ ነው» አሉ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ በብሎን ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ሲታሰር ኬዙ በሙሉ አብሮት ይነዝራል። ማታ ማታ ራሴን የሚያሳምመኝ የትኛው እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ኃይል አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ የፕሮሰሰሩን ፋን ሲያነሱ አቧራው በሂት ሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለአየር በሚሰጠው ብረት፣ ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቋል። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። የባሰው ግን ከሥር ነበር። ሂት ሲንኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች ናቸው፤ አንዱ ቀዳዳው ውስጥ ሳይገባ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ብረቱ በአንድ በኩል አዘንብሎ ነው የተቀመጠው። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም በአንድ ወገን ወፍሮ፣ በሌላው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በስልካቸው መብራት እያበሩ አሳዩኝ።

ፔስቱ ለምን እንደሚቀባ ስጠይቃቸው የሰጡኝን መልስ ወድጄዋለሁ። የፕሮሰሰሩና የሂት ሲንኩ ገጾች ለዓይን ልስልስ ይምሰሉ እንጂ በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን የሚሞላው አየር ደግሞ ሙቀት እምብዛም አያስተላልፍም። የፔስቱ ሥራ ያንን አየር ማስወጣት ነው። ብዙ መቀባት ብዙ ያቀዘቅዛል የሚለው ወሬ ስለዚህ ከንቱ ነው። አሮጌውን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው አተር የምታክል ጠብታ መሃል ላይ አኖሩ፤ እግሮቹንም በሰያፍ እያፈራረቁ፣ እያንዳንዱ ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫኑ።

አቧራውን ደጅ አውጥተው በብሎወር ነው ያራገፉት። ሲነፉ እያንዳንዱን ፋን በጣት ይይዙታል፤ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ ሞተሩም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ቦርዱ ሊልክ ይችላል። የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም አምጥቼላቸው ነበር፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለቦርዱ አደጋ ነው ብለው መለሱልኝ። ለማሽኗ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩንም አልከፈቱም። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ሲፈቱ የኖሩ ሰው «ይኼንን አልነካም» ሲሉ መስማቱ እምነቴን ጨመረው።

እኔ በውሃ የሚሠራውን የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ለመግዛት ተዘጋጅቼ ነበር። «ውሃውም እኮ በመጨረሻ ሙቀቱን ለአየር ነው የሚያስረክበው፤ ፋንም አለው፣ ፓምፕም ይጨመርበታል። ለዚህች ማሽን አያስፈልግም» አሉኝ። ያስገዙኝ ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋኖች፣ ቴርማል ፔስትና ለሃርድ ዲስኩ የሚሆኑ፣ ከብሎኑ ሥር የሚገቡ የጎማ ቀለበቶች ብቻ ነው። አንዱ ፋን ያለቀውን የኋላውን ተካ፣ ሌላው ባዶ በነበረው የፊት ለፊት ቦታ ገባ፤ አየር ከፊት ይገባል፣ ከኋላ ይወጣል። የፋኑን አቅጣጫ ለማወቅ ጠርዙ ላይ ቀስት ከሌለ፣ ሞተሩን የሚይዙት ዘንጎች ባሉበት በኩል ነው አየሩ የሚወጣው።

ፋን ጨምሮ ድምፅ መቀነስ እንዴት ይሆናል ብዬ መከራከሬ አልቀረም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የአንድን ፋን ፍጥነት በግማሽ ብትቀንሱ የሚያንቀሳቅሰው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ ፋን በዚያው ፍጥነት ስትጨምሩ ወደ ላይ የሚመለሰው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሁለት ቀርፋፋ ፋን ከአንድ ቸኳይ ፋን የሚሻለው ለዚህ ነው።

ብዙ ጠጋኝ እዚህ ላይ ክዳኑን ገጥሞ ሂሳብ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኗ ስትነሳ ከሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ፣ ገብተው የፋኖቹን ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር አስተካከሉ፤ ከ50 ዲግሪ በታች ዝግ ብለው እንዲዞሩ፣ ከዚያ በላይ ቀስ በቀስ እንዲጨምሩ፣ ሙቀቱ ለቅጽበት ብቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ታግሠው እንዲነሱ። ድሮ አንድ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ፋኑ እየተነሳ የሚወርደው ይህ ስላልነበረ ነው። በእኔ አስተያየት ሰው የሚያሰለቸው እንዲህ ያለው ውጣ ውረድ እንጂ ወጥ የሆነ ድምፅ አይደለም። በመጨረሻም ማሽኗን ከጠረጴዛው ዝግ ሳጥን አስወጥተው ጎን ላይ አኖሯት፤ እዚያ ውስጥ የተፋችውን ሙቅ አየር መልሳ ትምግ ነበር።

አሁን ሥራ ስትፈታ 40 ዲግሪ አትሞላም፣ ሬንደር ሳደርግ ከ75 አትዘልም፤ ፍጥነቷ ስለማይቀንስም ሥራው ቶሎ ያልቃል። ለቪዲዮ የምቀዳውን ድምፅ ድሮ ሌላ ክፍል ሄጄ ነበር የምቀዳው፤ አሁን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ማሽኗ እንደበራች እቀዳለሁ።

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ቸኩላችሁ ከሆነ ጋሼ አይሆኗችሁም። ቀስ ይላሉ፣ ወሬም ይወዳሉ፣ ላፕቶፕ ደግሞ አይነኩም። የእጅ ዋጋቸውን ግን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከተናገሩት አያልፉም፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እጃችሁ ላይ ያስቀምጣሉ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ጩኸቱ ገና ስትከፍቱት ነው ወይስ ሥራ ሲበዛበት የሚጀምረው፣ ያጓራል ወይስ ይጨረጨራል የሚለውን ልብ ብላችሁ አዳምጡ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።