ጣራችን በሐምሌ ውሃ፣ በጥር እሳት

ኮተቤ ባለው ቤታችን ጣራ ላይ የዝናብ ውሃ መሰብሰቢያና በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካስገጠምን ዓመት ሞላን። ሁለቱንም የሠራው አንድ ድርጅት ነው፤ ምስጋናውም ወቀሳውም የእሱ ነው፣ ስሙን ግን አልጠራም።

ጣራችን 90 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ዕለት የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 1,500 ሊትር ያህል ሮቶው ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የወደድኩት ከአሸንዳው ሥር የቆመውን ወፍራም ቧንቧ ነው። የጣራውን ቆሻሻ አጥቦ የሚወርደው የመጀመሪያው 40 ሊትር እዚያ ይቀራል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ወደ ሮቶው ያልፋል። ሰኔ መግቢያ ላይ ክዳኑን ስፈታው ሻይ የመሰለ ውሃ ወጣ፤ የርግብ ላባ ተንሳፍፎበታል። ለመጠጥ አንነካውም። እናቴ ግን ነጠላዋን በሌላ ውሃ ማጠብ ትታለች፤ ሳሙናው ገና ሲነካው አረፋ ይሆናል።

አሸንዳው ግን አሳፋሪ ነው። ተዳፋቱን ወደ ተሳሳተው ጫፍ ስላደረጉት ውሃው በግድግዳው ወርዶ የሳሎኑን ቀለም አበላሸው። ሦስት ጊዜ ደውዬ የመጣው ልጅ «እትዬ፣ ዝናቡ እኮ ነው የበዛው» አለኝ። ለዝናብ የተሠራ ነገር ዝናብ በዛበት!

ማሞቂያው 200 ሊትር ይይዛል፣ 20 የመስታወት ቱቦዎች አሉት። ፓምፕ አይፈልግም፤ የሞቀው ውሃ ራሱ ወደ ላይኛው በርሜል ይወጣል። የገጠሙት ዕለት ባዶው ቱቦ ፀሐይ ሲመታው አርፍዶ በእኩለ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቁበት፤ አንዱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ማለዳ መሞላት ነበረበት። የምትኩን ዋጋ ከእኔ ሊቀበሉ ሞከሩ፤ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንከን የለውም፤ በጥር ለአምስታችን ተርፎ ያድራል።

ችግሩ ሁለቱ አይገናኙም። በሐምሌ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ማሞቂያው ለብ ያለ ብቻ ይሰጣል፤ በጥር ማሞቂያው ሲያቃጥል ሮቶው ደርቆ ፈረቃ እንጠብቃለን። የእኛ ሮቶ 5,000 ሊትር ነው፣ ቢቆጠብ 20 ቀን። ጣራው ግን በዓመት ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወርዳል። መሠረቱ ሲቆፈር አንድ ጎረቤታችን ከመኪና ማቆሚያው ሥር የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ አስገንቡ ብለውን ነበር፤ ገንዘቡን ለሴራሚክ አዋልነው።

ሁለተኛ ሮቶ አዝዣለሁ፤ ከእነዚያው ከድርጅቱ ሰዎች ነው። አሸንዳውን ግን ሌላ ሰው ይሠራዋል።