ባለ 500 ሚሊ ሜትሩ የአሸዋ ፊልተርና ባለ 1 ፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ፦ ለደብረ ብርሃንና ለሸዋ ሮቢት ገንዳ

ፊልተሩና ፓምፑ በአንድ ላይ የሚሸጡት ይህ ዕቃ ለአነስተኛ የሆቴል ወይም የግቢ መዋኛ ገንዳ ይበቃል። 8 በ4 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። ፓምፑ በሰዓት 8 ሜትር ኪዩብ ከገፋ የገንዳውን ውሃ በሙሉ አንድ ዙር በ6 ሰዓት ያጣራል። ገንዳው ከዚህ ከሰፋ ግን ትልቁን መግዛት ነው፤ ትንሹን ሌት ተቀን ማሠራት የመብራት ሂሳብ ከመቆለል በቀር ጥቅም የለውም።

ከመክፈልዎ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሳህን ያንብቡ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ፓምፕ እዚህ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይግላል። ቅናሽ ነው ቢሏችሁም ይቅር።

መመሪያው የማይነግራችሁ ሌላ ነገር አለ። ፓምፑ ውሃ «የሚስበው» በአየር ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ አየር ውሃን በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ሽቅብ ይገፋል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን ግን ወደ 7.3 ሜትር ዝቅ ይላል። የቧንቧው ርዝመትና ክርኑ ሲቀነስበት የሚተርፈው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ፓምፑን ከገንዳው ውሃ ወለል ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ መትከል ይሻላል፤ ለጉድጓዱም የክረምት ውሃ የሚወጣበት ቦይ ያብጁለት። ከፍ ብሎ የተተከለ ፓምፕ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ሲንኳኳ ብዙዎች ኩሽኔታ ይቀይራሉ። የሚጮኸው ግን ውሃው ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ኢምፔለሩ ላይ፣ ማለትም ውሃውን በሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ ላይ፣ ሲፈነዳ ነው።

ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች መሳቡ እምብዛም አያስቸግርም፤ እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው። ፓምፑን ከዝናብ ለመከለል ብሎ አራት ማዕዘኑን በቆርቆሮ መዝጋት ሞተሩን መጥበስ ነው። ጣራ ብቻ ይብቃው፤ ጎኑ ይከፈት።

ወደ ብልሽቱ እንምጣ። ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውሃ አረፋ ካበዛ፣ ወይም የፓምፑ ግልጽ ክዳን ሥር ውሃው አልሞላ ካለ አየር እየገባ ነው። መጀመሪያ የገንዳውን ውሃ ይዩ፤ ከስኪመሩ (ከገንዳው ግድግዳ ላይ የላዩን ውሃ ከሚስበው አፍ) ግማሽ በታች ከወረደ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ቀጥሎ የፓምፑን ቅርጫት ያጽዱ፣ የክዳኑን ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) አውጥተው ያጥቡ፣ የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀቡት። ቫዝሊን አይቀባም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ካልተስተካከለ ፓምፑ እየሠራ ከፓምፑ በፊት ባሉት ዩኒየኖች (የሚፈቱ የቧንቧ መጋጠሚያዎች) ላይ የሳሙና አረፋ ያድርጉ፤ አረፋው ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ ነው ቀዳዳው።

ሞተሩ «ህምም» እያለ የማይዞር ከሆነ ወዲያው ያጥፉት። ብሬከሩን ካወረዱ በኋላ ዘንጉን ከማራገቢያው በኩል በእጅ ያዙሩት። በቀላሉ ከዞረ የሚጠረጠረው ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ካፓሲተሩ ነው፤ የመብራት መውጣትና መውረድ ቶሎ የሚያደክመው ዕቃ እሱ ነው። መጠኑ ገላው ላይ ተጽፏል፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ ከበፊቱ ያላነሰ ይግዙ። ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ሳያራግፉ በእጅ አይንኩት፣ መብራት ከጠፋም በኋላ ይመታል። ዘንጉ አልዞር ካለ ኢምፔለሩ ውስጥ ቅጠል ወይም ጠጠር ተሰንቅሯል፣ አለዚያም ኩሽኔታው ዝጓል። በሞተሩና በፓምፑ መጋጠሚያ ሥር ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ «ሜካኒካል ሲል» የሚባለው የዘንጉ ውሃ ማገጃ አልቋል፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሲዘገይ ግን ውሃው ኩሽኔታውን ያበላሻል።

ፊልተሩ ከፓምፑ የተሻለ ነው። ንጹሕ አሸዋ ይዞ የጀመረበትን ግፊት ግድግዳው ላይ ይጻፉ። ከዚያ በ0.5 ባር ሲጨምር ነው የሚታጠበው፤ በቀጠሮ አይደለም። ትንሽ የቆሸሸ አሸዋ ከንጹሑ ይልቅ አሳምሮ ያጣራል፤ በየቀኑ የሚያጥቡ ሰዎች ውሃቸው የማይጠራው ለዚህ ነው። በሰዓት 8 ሜትር ኪዩብ በሚገፋ ፓምፕ የ3 ደቂቃ እጥበት 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጀሪካን ያፈስሳል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ከእጥበቱ በኋላ ቫልቩን ማለቅለቂያው ላይ አድርጎ ግማሽ ደቂቃ ማፍሰስ አይርሳ።

የቫልቩ እጀታ ፓምፑ እየሠራ አይዞርም። ከዞረ ውስጡ ያለው የሸረሪት ድር የመሰለ ጋስኬት ይቀደዳል፤ ያኔ በማጣራት ላይ እያለ ውሃ በፍሳሹ ቧንቧ ይወጣል፣ ገንዳውም ሳይታወቅ ይጎድላል። ገንዳው ወለል ላይ አሸዋ ከታየ ደግሞ ከፊልተሩ ሥር ያሉት ጥርሳም ቱቦዎች ተሰብረዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት አሸዋው ሲሞላ ነው፦ መጀመሪያ የፊልተሩን ጋን እስከ ግማሽ ውሃ ሞልቶ፣ አሸዋውን ቀስ ብሎ ማፍሰስ ያስፈልጋል።

አሸዋው ሲሊካ፣ የታጠበና የተነፋ፣ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ለዚህ ፊልተር 85 ኪሎ አካባቢ ይገባል። ለብሎኬት የሚመጣ የወንዝ አሸዋ ጭቃ ስላለው ግፊቱን ይሰቅላል፤ ደቃቁም አልፎ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

ዋስትናው ካፓሲተር፣ ኦሪንግና ጋስኬት አይሸፍንም ከተባለ ሦስቱንም ያኔውኑ ይግዟቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል፣ ገንዳው ሥራ ፈትቶ ከሆነ የፓምፑን የታች ቡሽ ፈትቶ ውሃውን ማፍሰስ፣ ቡሹንም እንዳይጠፋ ቅርጫቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።